እባብና ልጥ

በሰኞ ማለዳ "ጫማው ሰፋኝ" አለ፣
እግሩ እንደ ከዳው ራሱም መች ዐወቀ፤
እኔ መረብ ስጠግን፣ ክር በጥርሴ እንደተንጠለጠለ፣
ኤሊሴዎ ደጃፍ ላይ ሲንገዳገድ አይቼ፣ አፌ ቀድሞኝ ሳቀ።

ማክሰኞ ጉልበቱን ወሰደው፣ ረቡዕ ወገቡን፣
እንደ ባሕር ሙላት ከታች ወደ ላይ ወጥቶ፤
ሐሙስ ማንኪያውን፣ ማታውን መቅዘፊያ የለመደ ክንዱን፤
ዓርብ ትንፋሹ አጠረ፣ ድምፁ እንደ አሮጌ ቋጠሮ ላልቶ።

የጎረቤት ወሬ አያልቅ፤ "ባሕሯ ቀንታበት ነው"፣
"አይ፣ ብርድ ነው"፣ "አይ፣ የሰው ዐይን ነው"፤
አማቴ እንቁላል አሽታበት፣ ሰብራ አየችው፤
አስኳሉ ምንም አልነገራት። አስኳል ምን ያውቃል፣ ቢጫ ነው።

ትሩሂዮ ወሰድነው፣ በአጎቱ ልጅ ዓሣ መጫኛ፣
በበረዶና በቅርፊት መሃል፣ እሱ ተጋድሞ፣ እኔ ዘበኛ።

ዶክተር ዙሌማ ቀጭን ናት፤ ትንሽ የላስቲክ መዶሻ ይዛ
ጉልበቱን መታችው፤ ዝም። ደግማ መታችው፤ ዝም። ቆመች በሐሳብ ፈዝዛ።
ከጀርባው አጥንት መሃል በመርፌ ውሃ ቀዳች፤
ብርሃን ላይ ጥሩ ምንጭ ይመስላል፤ "ፕሮቲኑ በዝቶ ሴሉ አንሷል" አለች።
ሽቦ አስራ ክንዱን በኤሌክትሪክ ነካካችው፤
መልእክቱ ጣቱ ሳይደርስ መንገድ ላይ ሲቀር አየችው።

"ሆዱን አሞት ነበር ወይ?" ቆጠርሁ፤ ሁለት ሳምንት ሆኖት፣
የእህቱ ልጅ ክርስትና፣ ያ ዶሮ፣ አጥንቱ ጋ ቀይ የነበር፣
ሦስት ቀን ተቅማጥ፤ አለፈ፣ ረሳነው፣ ማን ቆጥሮት!
"ምናልባት እሱ ነው" አለች። ወደድኋት፤ ከሚምል ሐኪም ይሻላል የሚጠረጥር።

እንዲህ ብላ አስረዳችኝ፦ ጀርሙ ገባ ተሸፍኖ፣
ካባው የነርቭን ልብስ የሚመስል፣ ከዚያው ክር የተሸመነ ሆኖ፤
የደሙ ዘበኞች ገደሉት፤ ደግ አደረጉ፤ ካባውን ግን አልረሱም፣
ከዚያ ወዲህ ባዩበት ሁሉ "ማነህ?" ብለው አልጠየቁም።
እባብ ያየ በልጥ በረየ፤
የባሌ ደም ግን አልሸሸም፤ ዱላ አንሥቶ ልጡን በጣጥሶ ለያየ።
ልጡ እኮ እሱ ነው፦ ጣቱን ከሐሳቡ፣ ደረቱን ከትንፋሹ ያሰረው።

ማንን ልርገም እንግዲህ?
ዘበኛው ታማኝ ነው፤ ታማኝነቱ ነው ያደረሰን እዚህ።

አምስት ቀን ጠርሙስ ተንጠለጠለ፤ አይጠየቅም ዋጋው፤
የሺህ ሰው ደም ተጣርቶ፣ የሺህ ሰው ዘበኛ መጥቶ፣ የእርሱን ዘበኛ ሊያረጋጋው።
ማን ይሆኑ? ሾፌር፣ መነኩሲት፣ ባለዕዳ፣ ልጇን አዝላ የተሰለፈች፣
ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ብስኩት በልተው የሄዱ።
ጠብታውን እንደ መረብ ዐይን ቆጥሬዋለሁ፤
ለእያንዳንዱ "እግዜር ይስጥልኝ" እያልሁ፣ ሌሊቱን አንግቼዋለሁ።

በጉሮሮው ቱቦ፤ የቀረው ዐይኑ ብቻ፤
አንዴ ሲጨፍን "አዎ"፣ ሁለቴ "አይ"።
"ትሰማኛለህ?" አልሁት። ሦስቴ ጨፈነ።
ለሦስት ውል አላበጀንም ነበር።

ነርቭ የሚያድገው በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ነው አሉ፤ እኔ መረብ ጠጋኝ ነኝ፣
ዐይን በዐይን፣ ውል በውል መጠበቅ አይደለም የሚከብደኝ።
በአራተኛው ወር አውራ ጣቱ ተነቃነቀ። አንድ ጣት።

ዋንቻኮ ታንኳን "ፈረስ" ትላለች፤ የእሱ ፈረስ ግድግዳ ተደግፎ ደርቋል፤
ግራ እግሩ ገና ይጎተታል፤ ግን ሸምበቆ ይቆርጣል፣ ልጥ ያጠብቃል።
ዛሬ ጠዋት "ጫማው ጠበበኝ" አለ፣ ፊቱን አጨማዶ፤
አልሳቅሁም። "የቱ ጋ? የትኛው ጣት ላይ?" አልሁት፣ ጉልበቴ መሬት ወርዶ።