አራተኛ ፎቅ፣ ሁለት መቶ ሜትር

ውሃ የሚመጣው ማክሰኞ ሌሊት ነው፤
እሱም ምድር ቤት ድረስ። እኛ ላይ ላለነው
የሚደርሰን የቧንቧው ሲቃ ነው።

ቱሉ ዲምቱ፣ ብሎክ ሰማንያ ሦስት፣
አራተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር
ከመሥሪያ ቤት የተዋስኩት ማይክሮስኮፕ፣
ሦስት ፀጉር ብቻ የቀረው ብሩሽ፣
ጥቁር ሳህን ላይ አንድ ቁንጥር አፈር።

አፈር አልኩት እንጂ ባሕር ነው።
ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከምድር ወገብ ግድም፣
ከሦስት ሺህ ሜትር ወለል ተቆፍሮ፣
በብልቃጥ ታሽጎ፣ ጉምሩክ ላይ
«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አምስት ጊዜ ተጠይቆ
በእኔ ቦርሳ ደረጃውን ወጣ።
ባሕር አይቼ አላውቅም።
የማውቀው ጥልቁን ነው፣ ቅንጣት በቅንጣት።

ሥራዬ ለቀማ ነው፤
እንደ ምስር፣ ብቻ እዚህ የሚፈለገው ድንጋዩ ነው።
ፎራሚኒፌራ ይባላሉ። ከጤፍ ያነሱ፣
አንድ ሕዋስ ሆነው ቤት የሚሠሩ፣
ሲጠባቸው ሌላ ክፍል የሚቀጥሉ፣
አሮጌውን ግን የማያፈርሱ።

የላዮቹ ፀሐይ የጠገቡ ናቸው፣ እሾሃቸው ቀጭን፤
በእሾሃቸው መሃል አረንጓዴ ደባል አስጠግተዋል፤
ደባሉ ከብርሃን ስኳር ያበስላል፣
ኪራዩን በስኳር ይከፍላል።
ዝቅ ሲል ሙቀቱ ድንገት የሚሰበርበት አለ፣
ልክ እንደ ሦስተኛ ፎቅ መታጠፊያ፣
መደገፊያው ተነቅሎ እንደቀረው፣
እግር የሚደነግጥበት።
እዚያ ጠፍጣፎቹ ይኖራሉ፣ ጠርዛቸው የተሳለ።
ከእነሱም በታች፣ ቀን በማይደርስበት፣
ከላይ የረገፈ ፍርፋሪ የሚጠብቁ አሉ፤
ቅርፊት በቅርፊት ላይ እየደረቡ።

ሁሉም የወለሉን ብርድ ግድግዳው ላይ ይጽፋል።

ሲሞቱ ግን ፎቅ የለም።
የላዩም የታቹም እኩል ይወርዳል፣
አንድ ጭቃ ላይ ጎን ለጎን ይተኛል።
ለይቼ የማስቀምጣቸው እኔ ነኝ፦
አንተ የላይ፣ አንተ የመሃል፣ አንቺ የታች።
በኋላ ላቦራቶሪው አሲድ ያንጠባጥብባቸዋል፤
ከሚወጣው ትንፋሽ ክብደት
የኖሩበትን ብርድ ያነባል።

ባለፈው ማክሰኞ መብራት ጠፍቶ
በስልኬ ብርሃን ስለቅም
ጋሽ ገመቹ ጀሪካኔን ተሸክመው ወጡ።
የብሎኩ ዘበኛ ናቸው፤
ቀትር ላይ እንኳ ካፖርታቸውን አያወልቁም።
«እስቲ» አሉ፤ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ጎነበሱ።
ቆዩ።
«ፈንድሻ ነው።»
ደግሞ ቆዩ።
«ከየት ነው የመጣው?»
«ከባሕር ሥር።»
«ማን አወረደው?»
ምን እንደምል ጠፋኝ፤ «ክብደቱ» አልኩ።

ቀና ብለው በመስኮቱ ወደ ጨለማው ተመለከቱ።
«ታንከሩ ያለበት፣ እሱ የአባቴ አውድማ ነው።
ጥር ላይ ነፋስ ሲገኝ፣ ስናበራይ፣
ገለባው ይነሣ ነበር፤ እስከዚህ ድረስ፣ እስከ መስኮትሽ።
ያኔ ግን መስኮት አልነበረም፤
የት ድረስ እንደወጣ ማን ለካው?»
ጀሪካኑን ከበሩ ጀርባ አስጠጉ።
ሃምሳ ብር ብሰጣቸው
«ለደረጃ አይከፈልም» ብለው ወረዱ።

ከሄዱ በኋላ አንዷን አገኘሁ።
የውስጥ ክፍሎቿ ስስ ናቸው፤
የላይ ልጅ መሆኗ ያስታውቃል።
ውጪዋ ግን ወፍራም፣ የተደረበበት፤
ላይ ተወልዳ፣ ላይ አድጋ፣
ከዚያ ቀስ በቀስ የወረደች።
የመጀመሪያ ክፍሏ ሞቃት፣ የመጨረሻዋ ብርድ፤
ሁለቱም ቤቷ ናቸው፣ አንዱንም አላፈረሰች።

የእኔ ሳህን ሦስት ጉድጓድ ብቻ አለው።

ብሩሹን በምላሴ አርጥቤ አነሣኋት።
ከታች የጋሽ ገመቹ ፉጨት ተሰማ፤
ውሃው ሄደ ማለት ነው።
እሷ ግን አሁንም የብሩሹ ጫፍ ላይ ናት፤
እጄ መሃል አየር ላይ ቀርቷል።