እንከን ያለው አልማዝ

በሰፈራችን ውስጥ ሦስት አልማዞች ነበሩ፤
አንዷ እንቁላል ነጋዴ፣ ሁለቱ በአንድ ግቢ ያደሩ፤
አልማዝ የሚባለውን ድንጋይ ግን
አንዳቸውም ሳያዩት ኖሩ።

ያየሁት እኔ ነኝ፣ ዴልፍት ከተማ፣ ምድር ቤት ወርጄ፣
በኅዳር ሌሊት፣ ጓንት ባጠለቀ እጄ።
ከምስር ክክ ያንሳል። አያብለጨልጭም።
“ይኼ ነው?” አልኳት ሂልከን፣ “ለቀለበት እንኳ አይበጅም።”

“ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ለቀለበት በሆነ፣
እኛ የምንፈልገው እንከኑን ነው” አለች፣
መነጽሯን በሹራቧ ጫፍ እየወለወለች።
ከካርቦኑ ሰልፍ መሀል አንድ ናይትሮጅን ገብቶ፣
ከጎኑ አንድ ቦታ ባዶ ቀርቶ፣
የሚያየው ያ ባዶው ነው፤
አረንጓዴ ብርሃን ስናጠጣው ቀይ የሚመልስ፣
የማግኔት ትንፋሽ ሲነካው ቅላቱ የሚቀንስ።

ከሥሩ አነጠፍንለት ስስ የማግኔት ገበታ፤
ጫፉን በማይክሮዌቭ ነካ ስናደርገው ላንዳፍታ
እልፍ አእላፍ ቅንጣት ትከሻውን ሰበቀ።
እስክስታ ነው እንጂ ጉዞ አይደለም፤
አንዱ ለጎኑ ያቀብላል፣ ጎኑም ለጎኑ፣
እግር አይነሳም፣
ከቆመበት የሚሄድ የለም፣
የሚሄደው ንቅናቄው ብቻ ነው፣
እንደ ሐሜት፣ ጀማሪው እንደማይታወቀው።

ሌሊቱን ሙሉ ነጥብ በነጥብ ለቀምን።
ሂልከ ዳቦዋን በአይብ በላች፤ እኔ ወንበር ላይ አንቀላፋሁ፣
የአሮጌውን ደወል በየሩብ ሰዓቱ ሰማሁ።
ሊነጋ ሲል ስክሪኑ ላይ መጣ፦
ጥቁርና ነጭ ጥለት፣
ቀጥ ብሎ ሲሮጥ፣ ሲሮጥ ቆይቶ
አንድ ቦታ ሲደርስ ጎብጦ፣ ለሁለት ተከፍቶ፣
ውሃ ድንጋይን እንደሚዞር።

ወዲያው አወቅኩት።
ማክሰኞ ወረንጦ አምልጦኝ የጫርኩት፣
ከፀጉር የቀጠነ፣ ማንም አያየውም ብዬ የደበቅኩት።
ሰው ያላየብኝን ጭረት
አየብኝ የድንጋይ ጉድለት።

ሦስት ቀን የዋጥኩትን ተናገርኩ።
አልተቆጣችም፤ አይዞሽም አላለች፤
ወንበሯን ሳበች፣
ጣቷን ከጭረቱ ጀርባ፣ ሞገዶቹ ተመልሰው ከሚገጥሙበት
አስጠግታ ብዙ ቆየች።
ከዚያ ለፋይሉ ስም ሰጠችው፣ “የእታገኝ መታጠፊያ” ብላ፣
በራሷ ፊደል፣ ከስሜ አንዷን ሆሄ ዘላ።
እንድታርመው አልጠየቅኩም።

ብስክሌቴን እየገፋሁ በቦዩ ዳር ወጣሁ።
እንቁላል ነጋዴዋ አልማዝ ትዝ አለችኝ፣
እያንዳንዱን ለፀሐይ አንስታ፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና፣
ሆዱን አይታ የምትሸጥ።
የቆሻሻ ጀልባ አለፈች፤ ውሃው ታጠፈ፤
የታሰሩት ታንኳዎች በተራ በተራ ትከሻቸውን ነቀነቁ፣
ከቦታቸው ሳይርቁ።