ዐሥራ ሁለተኛው ቤት

ሐምሌ እዚህም ክረምት ነው። በደቡብ ደሴቱ፣
ከወንዙ ተነሥቶ ጉም ሲገባ ቤቱ፣
ቧንቧ ሲደነድን፣ ሣር ሲሰበር እንደ መስተዋት፣
እኛ የኦታፑና ሰዎች ቅዳሜን እንነሣለን በጠዋት።
ሰባት ነን፤ ያለን አንድ አሮጌ መኪና፣
ሳል የያዘው መጋዝ፣ ዕዳው ያላለቀ ገና።
ስማችን ክበብ ነው። ማኅተም አለን፣ ደንብ፣
ወር በገባ ማክሰኞ አጀንዳ የሚነበብ።
ከዕቃ መደብሩ በር ቋሊማ ጠብሰን፣
በሽንኩርት ጭስ አልቅሰን፣
በሁለት ዶላር ሸጠን፣
ሳንቲሙን በብስኩት ጣሳ አጠራቅመን፣
የወደቀ ጥድ ገዝተን፣ ቆርጠን፣ ፈልጠን፣
ለዐሥራ አንድ ቤት እናደርሳለን።

ገንዘብ ያዣችን ትሬቨር፣ የቀድሞ ፖስተኛ፣
ለዐሥር ሳንቲም ጉድለት እንቅልፍ የማይተኛ፣
ማን ሌሊት እንደሚያስል፣ የማን ጣሪያ እንደሚያፈስ፣
ሁሉን ያውቃል፤ ተምሮታል ደብዳቤ ሲያደርስ።
"ለፔታ ሁለት ጋሪ፤ አራስ ናት፣ ቤቱ ይሞቃት" ይላል፣
"ለኮሊን ስስ ስስ ይፈለጥለት፤ እጁ ይንቀጠቀጣል።"

እኔ ነጂ ነኝ። ነጂ ሰው ጣሪያ ያያል፤
ጭስ የወጣበት ቤት "ደኅና አደሩ" ያሰኛል።
አንድ ቅዳሜ ማለዳ፣ በረዶው እንደ ጨው ፈስሶ፣
ትሬቨርን ልወስደው ስደርስ፣ ጠበቀኝ ለብሶ ለብሶ፤
ካፖርት ላይ ካፖርት ደርቦ፣ ከላይ የሚስቱን ሹራብ፤
ቀና ብል፣ ጭስ ማውጫው ላይ ሠፍራለች አንዲት ርግብ።
"ምነው?" አልኩት። "ለአንድ ሰው እሳት ብክነት ነው" አለኝ፤
"ሎርና ሆስፒታል ናት" ብሎ፣ "ንዳ እንጂ!" አዘዘኝ።
ኋላ ገባኝ። ጡረታው አለቀ፣ በሳምንት ሦስቴ አውቶቡስ፣
የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ የተኛች ሚስቱ ዘንድ ሲመላለስ።

ለንጋይሬ ነገርኳት፤ እሷ ለዊሬሙ፤
ደንቡ ግን "ያመልክት" ይላል "ችግረኛው ራሱ በስሙ"።
ያን ደንብ ደግሞ ትሬቨር ነው ያረቀቀው፣
"ያልጠየቀን መርዳት መናቅ ነው" ብሎ ያጸደቀው።
በር ላይ ብንቆልልለት፣ ጧት መልሶ ያመጣዋል፤
ገንዘብ ብናዋጣ፣ ደረሰኝ ቆርጦ ለክበቡ ገቢ ያደርገዋል።
ለመስጠት ጓንት አለን፤ መቀበል ግን በባዶ እጅ ነው፤
ያውቀዋል ስንጥሩን፣ ግንድ ያለ ጓንት የያዘው።

ንጋይሬ ስታስብ ጥርሷን ትጎረጉራለች በክብሪት፤
"የክበቡ መጋዘን ያፈሳል" አለች፣ "ከዛሬ ሌሊት።"
ዊሬሙ መሰላል ወጥቶ የቆርቆሮውን ጥግ ፈታው፤
ዝናቡም እንደ ታዘዘ መጣ፤ የቀረውን እሱ ሞላው።

ማክሰኞ በስብሰባ፣ ፊታችንን አኮሳትረን፦
"ትሬቨር፣ መኪናህን ከሸጥክ ወዲህ ጋራዥህ ባዶ ነው፤ እንጨቱን
አስጠጋልን። ኪራዩም ይኸው፦ በሳምንት አንድ ጋሪ።"
መነጽሩን ጠረገ። አየን ተራ በተራ፣ እንደ መርማሪ።
"ኪራይ?" አለ። "ኪራይ።" "በጽሑፍ?" "በጽሑፍ።"
ውጭ፣ ዝናቡ በመስኮቱ የራሱን ደንብ ሲጽፍ።
"ጋሪው ስንት ኪሎ ነው?" ንጋይሬ ሳቋን ዋጠች።
በሳምንቱ በዚያ ሳልፍ፣ ርግቧ ተነሥታለች።

ወሩ አልቆ ሂሳብ ሲያቀርብ፣ መዝገቡ ዞረ ለሁላችን፤
"ኪራይ" የምትለዋ ቃል በማስመሪያ ተሰርዛ አየን፤
ከዐሥራ አንዱ ስም በታች፣ ፖስታ ላይ እንደሚጻፍ አድራሻ፣
ጥርት ባለ የእጅ ጽሑፍ፣ በገጹ መጨረሻ፦
"ዐሥራ ሁለት፦ ትሬቨር ማክሊሽ፣ አንድ ጋሪ።" ፊርማም ሣለ።
ቀና ብሎ አላየንም። "መዝገብ አይዋሽም" አለ።
ከዚያ ጉሮሮውን ጠርጎ፦ "ጣሪያውን ማን እንደ ፈታው
አልጠይቅም። የምስማሩ ዋጋ ግን አራት ዶላር ነው፤
ከቋሊማው አይወጣም፤ ዊሬሙ ይክፈለው።"

ዊሬሙ ከፈለ። ደረሰኝ ተሰጠው።