የቄሳር ጆሮ

ቤታችን ዓይንጋዲ፣ ከጨው ባሕሩ ዳር፤
አባቴ ኤሊኤናይ አንጥረኛ ነበር።
የፍየል ቃጭል ነው፣ የበር ቁልፍ ነው ሥራው፣
የላላ ጉትቻ ነው ጎረቤት የሚያመጣው።

አንድ ማለዳ ግን ወንድሜ ማታንያ
አቧራ ለብሶ መጣ ከኮረብታው ወዲያ፤
ሰላምታ ሳይሰጠን፣ ውኃም ሳይጠይቅ
«ኮከቡ ወጣ» አለ፣ እያለቀሰ ሲስቅ።
ከረጢት ዘረገፈ፣ ብር መደቡን ሞላ፤
ይህም ፊት ቄሳር ነው፣ ያም፣ የለበት ሌላ።
«ይህን ፊት አጥፋልን፣ ተምር ትከልበት፤
‹የእስራኤል ቤዛ፣ ዓመት አንድ› በልበት።»

አባቴ ብሩን መስኮቱ ጋ ወስዶ አገላበጠው።
«በዚህ ነው» አለኝ፣ «የበለሳኑን ቀረጥ የከፈልነው።
የእናትሽንም መግነዝ የገዛነው በዚህ ነው።»
ከዚያ ወናፉን አነሣ።

ሌሊት ሌሊት ሠራን። እኔ ሰሎምጽዮን ጉጠቱን ያዝሁ።
አፍንጫው ጠፋ። ጉንጩ ጠፋ። አክሊሉ ተጨፈለቀ።
በፊቱ ላይ ሰባት ዘንባባ ያላት ተምር በቀለች።
ጆሮው ግን አልጠፋ አለ።
ከተምሯ ሥር፣ ምስር የምታህል፣
ተጋድማ ታዳምጣለች።
«አባ፣ ይሰማናል» አልሁት።
«ይስማ» አለ። «መዶሻውን ይስማ።»

ያ ዓመት! ማን ዋሸ? ደስ ብሎን ነበር።
ውል የሚዋዋል ሰው በአዲሱ ዓመት ሲፈርም፣
ሴቶች ልጆቻቸውን በአዲሱ ዓመት ሲቆጥሩ፣
ሽማግሌው አዛርኤል ብቻ ከግንብ ጥግ አልተነሣም።
«የኔም አባት ኮከብ አይቶ ነበር» ይላል፤
«‹ዮርዳኖስ ይከፈላል› ያለውን ተከትሎ ሄደ።
ዳር ሲደርስ እንዳይረጥብ ብሎ ጫማውን አወለቀ።
ወንዝ ይከፈላል ያለ ሰው
ጫማ ለምን ያወልቃል?
ፈረሰኞቹ ደረሱ። ጫማው ብቻ ተመለሰልን።»

ዓመት ሁለትም መጣ፤ ቅርጹን ቀየርን፣
ብር ሲያልቅ በነሐስ፣ ነሐስ ሲያልቅ... ቃጭሎቹን አቀለጥን።

በሦስተኛው ክረምት ማታንያ ሲመለስ
አንድ ዓይኑ ታስሯል፣ ጨርቁ አልደረቀም።
«ዓመት አትጻፍ» አለ።
«‹ለኢየሩሳሌም ነጻነት› በል፤ እሱ ይበቃል።»
«ስንተኛችን ነው?» አባቴ ጠየቀ።
«አትቁጠር፣ አባ።»
አባቴ መዶሻውን መስፉ ላይ አኖረው፣ ቀስ አድርጎ፣
የተኛ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው።
ያን ጊዜ ገባኝ፤ ቀን የነበረው ድል ሄዶ
ቀን የሌለው ተስፋ ቤታችን መግባቱ።

አሁን ዋሻ ውስጥ ነን። ከገደሉ አናት
የሮማውያን እሳት ይታያል፤ አይወርዱም፣ አይቸኩሉም፣
ውኃችንን ይቆጥራሉ።
የቤታችን ቁልፍ ካንገቴ አልወረደ፤
በሩ ግን ከነመቃኑ በጥቅምት ነደደ።
በጨለማ አንዷን ብር በአውራ ጣቴ እዳስሳለሁ።
ትናንት ለዚያች ጆሮ ነገርኋት፦
«ኤሊኤናይ አረፈ። ድንጋይ እንጂ አፈር አላገኘንለትም።»
ሦስት ዓመት ስትሰማን የኖረች፣
ይህንንስ ለምን አትሰማ?

መዶሻ ያላጠፋትን ጣቴ ሊያጠፋት ነው፤
ለስልሳለች፣ ልትታይ አትችልም ይሆናል።
ግን ጣቴ አይመርጥም።
ከጆሮዋ ጋር ተምሯም፣
አንድ ዘንባባ፣ አንድ ዘንባባ።