ቀይ ሲሚንቶ

በኒውፋውንድላንድ ጠረፍ፣ በጋኔት ኮቭ መንደር፣
ዓሣ የሚባለው አንድ ብቻ ነበር፤
ሌላው በየስሙ፣ ሳልሞኑ በሳልሞን፣ ሄሪንጉ በሄሪንግ ሲቆጠር፣
«ዓሣ» ካሉ ኮድ ነው፤ ማብራሪያ አይጠየቅም።
አባቴ ሄድሊ ፔሊ መሣሪያ አያውቅም፤
በውሃው ቀለም ነው፣ በወፍ አከባበብ፣
መረቡን የሚጥል፣ ባሕሩን የሚያነብ።

አንድ የሐምሌ ቀን መንግሥት በራዲዮ «ማጥመድ በቃ» አለ።
ባሕሩም አለ፣ ጀልባውም አለ፤ ዓሣው ግን የለ።
እኔ ያኔ ስምንት ዓመቴ።
ጀልባዋ ጓሮ ተገልብጣ ቀረች፤ ስሟ የእናቴ።

ዛሬ በዚያው ባሕር፣ በብረት ደሴት ላይ፣
ሥራዬ ከወለሉ ሥር ነው፤ ፀሐይ የማያውቀውን አለት ማየት፣
በገመድ ጫፍ መሣሪያ ሰድጄ፣ ጨለማን ማስጻፍ በወረቀት።

ቋንቋውን ስማር ሳቅ ነበር የሚቀድመኝ፦
የቆፋሪው ክፍል «የውሻ ቤት»፤ ያየሁት ውሻ የለም።
ማማው ላይ ቧንቧ አቃፊው የሚቆምበት «የዝንጀሮ ሰሌዳ»፤
ተረኛዋ ቧንቧ የምታርፍበት «የአይጥ ጉድጓድ»፤
ጭቃችንን ጠጥቶ የማይመልስ አለት «ሌባ»፤
ጋዝ ከሥር ገፍቶ ሲመጣ «ርግጫ»፤
ጉድጓዱን በከባድ ጭቃ ማፈን «መግደል» ነው፤ ማንም አይከሰስበትም።

ጋማው ወደ ቀኝ ከሸሸ ሸክላ፣ ወደ ግራ ከተመለሰ አሸዋ ነው።
ጨው ውሃ ኮረንቲ ያሳልፋል፤ ዘይት ግን እምቢ ባይ ነው፤
ስለዚህ ኩባንያው በዓለም ላይ የሚያጨበጭብለት አንድ ተቃውሞ
እኔ ወረቀት ላይ ያለው ነው፣ መስመሩ ሲዘል ቀጥ ብሎ ቆሞ።

በየካቲት ሌሊት፣ ሦስት ሺህ ዘጠኝ መቶ ሜትር ላይ፣
መሣሪያዬ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።
ጭቃው ደረቷን ገፋ፣ አለቱ ጀርባዋን ሳበ፤ አልላወስ አለች።
ገመዱን ወጠርን። ወጠርን። ደካማው ቋጠሮ ተበጠሰ፤
መስመሩ ሁሉ ዜሮ ላይ ፈሰሰ።
ሴልቢ ሂስኮክ ወደ የብስ ደወለ፤ ሌላ ነገር አላከለ፤
«ዓሣ አለን» አለ።

ጉድጓድ የበላው ብረት ሁሉ በእኛ ቋንቋ ዓሣ ነው፤
ፈልጎ ማውጣቱም ማጥመድ ነው።

ማታ አባቴን ደወልኩለት። «ምን ስትሠሩ ዋላችሁ?»
«ዓሣ ስናጠምድ፣ አባዬ።»
ዝም አለ። ከዚያ፦ «ፈቃድ አላችሁ?»
«ስንት ይመዝናል?»
«አራት መቶ ኪሎ።»
«በቃ ዓሣ አጥማጅ ሆነሻል፤ መዋሸት ጀምረሻል።»
ቀጥሎ ግን ድምፁ ተለወጠ፦
«የፈራ ዓሣ አይጎተትም፤ አላሊለት፣ ይተንፍስ።»

ሦስት ቀን አጠመድን።
መንጠቆው ባዶ፤ መንጠቆው ጭቃ፤ መንጠቆው ጥርሱ የረገፈ።
በሆዷ ግን ጣት የማታህል የጨረር ምንጭ ነበረች፣
ግማሽ ዕድሜዋ አራት መቶ ሠላሳ ሁለት ዓመት።
ትተናት መሄድ አይፈቀድም፤ ማውጣትም አልቻልንም።
ቀይ ቀለም የበጠበጥንበት ሲሚንቶ አፈሰስንባት፣
አንድ ቀን እዚያ የሚቆፍር ሰው
ፍርፋሪው ቀልቶ ሲወጣ አይቶ እንዲያቆም፣
ቋንቋችንን ባያውቅ እንኳ።
በጉድጓዱ አፍ የብረት ሰሌዳ፦ ቀኑ፣ ጥልቀቱ፣ «አትክፈቱ»።

ቤት ስመለስ አባቴ ሲሚንቶውን ደጋግሞ ጠየቀኝ።
«ደም ይመስላል?» «አይ፣ እንደ ጡብ ነው።»
ጓሮ ወጣን። በረዶው ከጀልባዋ ሆድ ላይ እየቀለጠ ነበር።
«መረቡ ከዓመት ዓመት ሲሳሳ» አለ፣ «ዓሣው እያነሰ፣ እያነሰ ሲመጣ፣
አንድ ቀይ ነገር አብሮ ቢወጣ…»

አልጨረሰውም።
ጎንበስ ብሎ ሳንቃዋን በጣቱ መገጣጠሚያ አንኳኳ፣
ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ አንድ በአንድ፣
ጆሮውን አስጠግቶ፤
ልክ መሣሪያዬ እንደምታደርገው፣
ድምፅ ልኮ መልሱን እየጠበቀ፣
የቱ እንደ በሰበሰ፣ የቱ እንዳልበሰበሰ።