ውል

ዛሬ ነው የመጣው በፖስታ ሳጥናችን፣
ሦስት ክረምት ዘግይቶ፣ መልስ ላቤቱታችን።
ከጄኔቫ ተነስቶ፣ አዲስ አበባ አድሮ፣
ጊቤን ተሻግሮ፣ በስንት እጅ ተዛውሮ።

የጻፍን ለት ኪቶ መብራት ጠፍቶ ነበር፤
ስልኬን አብርቼ ነው የያዝኩት ብዕር።
ሸምሲያ አባ ቢያ ትናገራለች፤
"አሠሪው" ስል እኔ፣ "ስሙን ጻፍ!" ትላለች።
"የኅብረት ስምምነት ይፈረም ባልን በሳምንቱ
ስምንታችንን ከበር መለሱን፣
የራሳችንን መቀስ እንኳ ሳያስነሱን።"
እኔ እጨምራለሁ፦ አንቀጽ፣ ቁጥር፣ ዓመት፣
ዘጠና ስምንተኛው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣
አገሬ የፈረመችው
ከእናቴ ልደት በፊት።

ሐሙስ ነው። ሂርማታ በሰው ተሞልቷል።
ሸምሲያ ክር ትሸጣለች። ጮክ ብዬ አነበብኩ፦
"ኮሚቴው ጉዳዩን በጥሞና ተመልክቷል፤
በጥልቅ ስጋትም ልብ ብሏል።"
"ምን ብሏል?"
"ልብ ብሏል።"
"ልብ ካለውማ ጥሩ ነው፣
እዚህ ያጣነው እሱን ነው።"
"መንግሥት ያለ መዘግየት መልስ እንዲሰጥ…"
"ያለ መዘግየት!"
ሳቋ ከጉሊቱ ዘለለ፤
ዝንጅብል ሻጩ ምክንያቱን ሳያውቅ
አብሯት ሳቀ።

"ስሜስ የታል?"
አገላበጥኩት። የለም።
"አንዲት የማኅበር መሪ" ይላል፤
የመዝገብ ቁጥር አለን፣ ስም የለንም።

በኪቶ በኩል የፈረቃው ደወል ጮኸ።
ሁለታችንም ሳናስበው ቀና አልን፤
እሷ ከለመደው አንገቷ፣
እኔ ከምገባበት።
ስምንት ፊርማ ነበረው ያ ደብዳቤ፤
የጸሐፊው አልነበረበት።
ታውቃለች። አንድ ቀን አንስታብኝ አታውቅም።

"ቅጂ አለህ?"
"አለኝ።"
ወረቀቱን ተቀበለችኝ፤ አጥፋ አጥፋ
የለውዝ ፍሬ አሳከለችው።
የተተበተበ ቀይ ክር ከሥሯ አነሳች፣
በላዩ ጠመጠመች፣
ጠመጠመች፣
"ልቃቂት ያለ እንብርት አይቆምም" እያለች።
ጫፉን ወደ ውጭ አስቀርታ ሰጠችኝ፦
"ለአዲሶቹ ልጆች ነው። ውሉን እንዳትስተው።
መረጃ ላኩ ካሉ ደግሞ እንልካለና፤
ማታ ና፣ እንጽፋለን።
ያሁኑን ግን ከታች
ስምህን ጻፍበት።"

በር ላይ ጥበቃው ኪሴን ዳበሰ።
"ምንድነው ይሄ?"
"ክር ነው" አልኩት።
አገላበጠው፣ መለሰልኝ።
ውሉ ጣቴ ላይ ተጠምጥሞ ነበር።