በኮድ ብቻ ይሞላ

ከመሐል ሜዳ ነው፣ ማኅተም ያረፈበት፣
ሦስት ገጽ ደብዳቤ፣ ቁጥር የሰፈረበት፤
ሱፐርቫይዘሩ በሞተር ደርሶልን፣
ጭቃውን ሳያራግፍ ቆሞ አነበበልን፦

«ከዚህ ወር ጀምሮ አሮጌው ሮስተር ይቀራል።
የተማሪ ውጤት በአዲሱ ቅጽ ብቻ ይሞላል።
በእርሳስ መጻፍ፣ መሰረዝ፣ መደለዝ አይፈቀድም።
ያቋረጠ ተማሪ ካለ ምክንያቱ በኮድ ይገለጻል፤
አንድ፦ ሕመም። ሁለት፦ ጋብቻ። ሦስት፦ የቦታ ለውጥ።
አራት፦ ሞት። አምስት፦ ሌላ።
እስከ ሰኞ ጠዋት ተጠናቆ ይቅረብ።»

ርዕሰ መምህራችን ጋሽ ወሰንየለህ
«ሰኞ ማለት ሰኞ ነው፤ ጥያቄም ካለህ
ማክሰኞ ጠይቀኝ» አሉና ሳቁ።

ስድስተኛ «ለ» የኔ ነው፤ ሃምሳ ስምንት ስም አለኝ፤
ቅዳሜን ከቅጹ ጋር ክፍሌን ዘግቼ ዋልኩኝ።
ብርዱ ከጓሳ ሲመጣ በበሩ ሥር ሾልኮ፣
እስክሪብቶም ይበርደዋል ለካ፣ ቀለሙ ረጋብኝ እኮ።
በብብቴ ይዤ አሞቅኩት።
ጻፈ።

ተራ ቁጥር አንድ፣ አለምሸት ደምሴ፣
ሒሳብ አርባ ሦስት፤ በኅዳጉ ግን በእርሳሴ
«ሐሙስ ገበያ ላይ አባቱን ሲያግዝ አየሁት፣
የሰባት በግ ሒሳብ በቃሉ ሲደምር ሰማሁት»
ብዬ ጽፌ ኖሯል። ለዚህ ሣጥን የለም።
አርባ ሦስት ብዬ አለፍኩ። ቅጹ ግድ የለውም።

ተራ ቁጥር አሥራ ሰባት፣ ጥሩወርቅ ሸዋቀና፣
እንግሊዝኛዋ ከሃያ ሰባት ወደ ሰባ ወጣና
«ዕድገት በመቶኛ» ይላል፤ አስልቼ ጻፍኩት፤
ከፊት ወንበር እንዳመጣኋት ግን የት ልጻፍ ብዬ ተውኩት።

ተራ ቁጥር አርባ አንድ።
ይመኙሻል አስራደ። ከየካቲት ወዲህ የለችም፤
ካርዷን ተቀብላ ሄደች፤ ሰኞ አልመጣችም።
አባቷ መንገድ ላይ አግኝቶኝ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ነበር፦
«ትምህርት እንቢ ካላት ምን ላድርግ፣ መምህር?
ሒሳብ ሠላሳ አንድ አመጣች፤ ከዚያ ወዲያ ምን ላስተምራት?
ደብረ ብርሃን አክስቷ አለች፤ ልጅ ትያዝላት ብዬ ሰደድኳት።»
እኔም «አይዞህ» ብዬው አለፍኩ። አይዞህ!

ኮድ ልምረጥላት አልኩ፦ አልታመመችም፣ አልተዳረችም፤
ሦስት ብል ያስኬዳል፣ ቦታ ቀይራለች፤ ግን እጄ እሺ አላለችም።

ድምሩን ላመሳክር ብዬ ካርቶኑን ከአልጋ ሥር አወጣሁ፤
የፈተና ወረቀት፣ ጫፉን አይጥ የበላው። የሷን አጣሁ፤
ደግሜ ፈለግኩ። ተገኘ።
ቀይ ቀለም፣ የኔ እጅ፣ የኔው ክብ፤
በክቡ ውስጥ ከሩቅ ሲያዩት ሦስት የሚመስል፣
ጠጋ ሲሉት ስምንት።
ሰማንያ አንድ።

ስምንት ስጽፍ እኮ ግራ ጎኑን አልዘጋውም፤
ልጅ ሳለሁ «ዝጋው» ያሉኝን እስከ ዛሬ አልሰማኋቸውም።
በተከፈተው ስምንት በኩል አንዲት ልጅ ወጥታ ሄደች፤
ይኸው አሁን ደብረ ብርሃን የሰው ልጅ አዝላለች።

መሰረዝ አይፈቀድም። መደለዝ አይፈቀድም።
አምስት ብዬስ ብጽፍ? «ሌላ» ስሜን አይጠራም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቷን ደጀ ሰላም ጠበቅኩት፤
ወረቀቱን ዘርግቼ ቁጥሩን በጣቴ አሳየሁት።
ማንበብ አይችልም፤ ወረቀቱን ትቶ ፊቴን አነበበው።
«ከስንት?» አለኝ።
«ከመቶ።»
ባርኔጣውን በእጁ አዙሮ አዙሮ
«እኔ እኮ መትቻታለሁ» አለ።

ሰኞ ቅጹን ሰጠሁ፣ ሃምሳ ሰባቱ ተሞልቶ፤
ተራ አርባ አንድ ላይ ግን ከኮድ ሣጥኑ ወጥቶ
እስከ ጠርዙ የሚሄድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር፣
በማይጠፋ ሰማያዊ፣ ፊርማዬ ከሥር፦
«ምክንያት፦ መምህሩ የራሱን ስምንት ሦስት ብሎ አነበበ።»

ረቡዕ ተመለሰልኝ። በራሱ ላይ፣ በቀይ፦
«በኮድ ብቻ ይሞላ።»

ጋሽ ወሰንየለህ ቢሮ ገባሁ፤
ፈተናዋ በደረት ኪሴ፣ እንዳይታጠፍ በካርቶን ደግፌ።
«ደብረ ብርሃን ደርሼ ልምጣ» ብላቸው አተኩረው አዩኝ፤
ከመሳቢያ አንድ ወረቀት መዝዘው የፈቃድ ቅጽ ሰጡኝ።
«የሚቀሩበት ምክንያት» ይላል። መስመሩ ሰፊ ነው፤ ደስ አለኝ።